ከአነስተኛ ኦርጋኒክ እርሻ ወደ ምግብ ወደሚያጥረው ቤት፦ ሳምንታዊ አቅርቦት እንዴት ይደራጃል?

ብዙ ዓይነት ሰብል በትንሽ በትንሹ የሚያመርት ኦርጋኒክ እርሻ ዘወትር የሚቸገረው በገበያ ነው። የእያንዳንዱ ምርት መጠን ለጅምላ ነጋዴ አይበቃም፤ በችርቻሮ ልሽጥ ቢል ደግሞ ጊዜው አይፈቅድለትም። በሌላ በኩል ገንዘብ ባጠረ ቁጥር ከድስቱ መጀመሪያ የሚቀንሰው አትክልት የሆነበት ቤተሰብ አለ። ሁለቱን የሚያገናኙ ጥረቶች በብዙ ቦታ ተጀምረዋል፤ ከአንድ ወቅት ሳያልፉ የቀሩትም ጥቂት አይደሉም።

የሚሰናከሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ነው። አንደኛው ገበያ ያልወሰደውን ትርፍ ሰብስቦ ማደልን እንደ እቅድ መቁጠር ነው። ትርፍ ምርት የሚገኘው እርሻው ሲተርፈው እንጂ ቤተሰቡ ሲቸግረው አይደለም። ሁለተኛው ለቤተሰቡ እንዲረክስ ተብሎ የገበሬውን ዋጋ መጫን ነው። ገበሬው የሚቀበለውና ቤተሰቡ የሚከፍለው ለየብቻ የሚወሰኑ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በግልጽ ተሰልቶ በሌላ ገንዘብ ይሸፈናል። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለምሳሌ ያህል 40 ቤተሰቦች፣ 5 እርሻዎችና የ20 ሳምንት የማከፋፈያ ጊዜ ወስደናል። ሥራው የመጀመሪያው ሳጥን ከመከፋፈሉ ከ5 እስከ 6 ወር ቀደም ብሎ ይጀመር። ከዚያ ካጠረ ዘር የሚዘራው ምን እንደሚፈለግ ሳይታወቅ ይሆናል።

1. ከማሳ ሳይሆን ከማእድ ቤት ጀምሩ

ቤተሰቦቹን ለመለየት የደመወዝ ማስረጃም ሆነ የድህነት ወረቀት አትጠይቁ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «ባለፉት 12 ወራት ገንዘብ ሳናገኝ ምግባችን ያልቅብናል ብላችሁ የሰጋችሁበት ጊዜ ነበር?»፤ «የገዛችሁት ምግብ አልቆ መግዣ ያጣችሁበት ጊዜስ?»። ለሁለቱም መልሱ «ብዙ ጊዜ»፣ «አንዳንድ ጊዜ» ወይም «በጭራሽ» ነው። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ «ብዙ ጊዜ» ወይም «አንዳንድ ጊዜ» ያለ ቤተሰብ ይመዘገባል። ማስረጃ ካልተጠየቀ የማይገባው ሰው ይገባል የሚል ስጋት ሁልጊዜ ይነሳል። ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ቀድሞ የሚቀረው በጣም የተቸገረው ነው፤ ወይ ወረቀቱ የለውም፣ ወይ ማሳየቱ ያሳፍረዋል።

ምዝገባው ላይ ስለ ቤቱ አሠራርም ጠይቁ፦ ስንት ሰው ይበላል? ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር ሕመምተኛ አለ? የምታበስሉት በምንድን ነው፣ ማገዶው ወይም ጋዙ ሳምንት ይዘልቃል? ማቀዝቀዣ አለ? የማትበሉት ምንድን ነው? በየትኛው ቀንና ሰዓት መውሰድ ትችላላችሁ? ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት 2 ኪሎ ቅጠል መስጠት ግማሹን ለቆሻሻ መስጠት ነው። ማገዶ ለሚቆጥብ ቤት ደግሞ ረጅም ሰዓት የሚፈላ ነገር መስጠት ሌላ ወጪ መጨመር ይሆናል።

መዝገቡን የሚያየው አንድ አስተባባሪ ብቻ ይሁን። የማከፋፈያው ቦታ ላይ የሚውለው ዝርዝር ቁጥርና የቤተሰብ ብዛት ብቻ ይኑረው፤ ስምም የክፍያ ደረጃም አይጻፍበት።

2. የሳጥኑን ልክ ወስኑ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ድንችና ሌሎች ስታርች የበዛባቸው ሥራ ሥሮች በዚህ አይቆጠሩም። ለ5 ሰው በሳምንት 14 ኪሎ ግድም ማለት ነው። ሁሉን እንሸፍን ማለት ለጀማሪ አይመከርም። ግማሹን ያዙ፤ 7 ኪሎ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሊደለደል ይችላል፦ ቅጠላ ቅጠል 1 ኪሎ፣ ካሮት 1 ኪሎ፣ ሽንኩርት 1 ኪሎ፣ ቲማቲም 1 ኪሎ፣ ጥቅል ጎመን 1.5 ኪሎ፣ ዱባ 1.5 ኪሎ። ሆድ የሚይዝ ነገር ስለሚያስፈልግ 3 ኪሎ ድንች ይጨመራል። ሳጥኑ 10 ኪሎ ሆነ፤ አንድ ሰው ተሸክሞ ሊሄድ የሚችለውም ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

በአንድ ሳምንት ከአንድ በላይ እንግዳ አትክልት አታስገቡ። እርሻዎቹ የሚኮሩባቸው ልዩ ልዩ ዝርያዎች ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚበላው የለመዱት ነው።

3. እርሻዎቹን በእግር ዞራችሁ ምረጡ

የምስክር ወረቀት ያለው እርሻ ወረቀቱን ያሳያል። ብዙ አነስተኛ እርሻዎች ግን የምርመራውን ክፍያ ስለማይችሉት ያለ ወረቀት በኦርጋኒክ መንገድ ያመርታሉ። በዚህ ጊዜ ገበሬዎቹና ተቀባዮቹ አብረው ማሳውን የሚጎበኙበት አሳታፊ ማረጋገጫ ይሠራል። በወቅት ሁለት ጊዜ፣ ቀኑ ሳይነገር ቢሆን ይሻላል። በጉብኝቱ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

ባለፉት 3 ዓመታት በማሳው ላይ ምን ተረጨ፣ ምን ተጨመረ? በቃል ብቻ አትመኑ፤ የተገዛበትን ደረሰኝና የግብዓት መጋዘኑን ተመልከቱ። የጎረቤት ማሳ ኬሚካል የሚረጭ ከሆነ ነፋሱ ከየት ይነፍሳል፣ በመካከል ያለው አጥር ወይም ያልታረሰ ወሰን ምን ያህል ይሰፋል? ፍግ መቼ ተጨመረ? ጥሬ ፍግ ከአፈር ጋር ለሚነካካ ሰብል፣ ለምሳሌ ለካሮትና ለሰላጣ፣ ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን ቀድሞ አፈር ውስጥ መቀበር አለበት፤ ከአፈር ለማይነካ ሰብል ደግሞ 90 ቀን። በረድፍ ተከምሮ የሚብላላ ኮምፖስት ቢያንስ ለ15 ቀን በ55 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ቆይቶ በዚሁ ጊዜ 5 ጊዜ ካልተገላበጠ እንደ ጥሬ ፍግ ይቆጠር። የኮምፖስት ቴርሞሜትር የሌለው እርሻ «ሞቋል» ሲል በእጁ ነክቶ ነው፤ እጅ ደግሞ 45 ዲግሪንም «ሞቃት» ይላል። መለኪያውን ገዝታችሁ ስጡት።

የማጠቢያውን ውኃ ምንጭ ሳትጠይቁ አትውጡ። ለመስኖ የሚሆን ውኃ ሁሉ ለቅጠል ማጠቢያ አይሆንም፤ ለማጠቢያ የሚጠጣ ውኃ ያስፈልጋል።

በሳጥኑ ላይ «የተመሰከረለት ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ያለ ምስክር ወረቀት አትለጥፉ። በብዙ አገር በሕግ ያስቀጣል፤ ባያስቀጣም እውነት አይደለም።

4. ማን ምን ይዝራ? ስሌቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ በኋላ የሚመጣ ጉድለት ሁሉ የሚወለደው እዚህ ነው።

ካሮትን እንውሰድ። 40 ሳጥን በ1 ኪሎ 40 ኪሎ ነው፤ ለተሰበረው፣ ለተሰነጠቀውና ለተበላሸው 10 በመቶ ሲጨመር 44 ኪሎ። ገበሬው ካለፉት ዓመታት ልምዱ በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ አገኛለሁ ካለ እቅዱ የሚሠራው በ80 በመቶው፣ በ2 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት 22 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ካሮት በየ3 ሳምንቱ ከተዘራ አንዱ ዙር 66 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰብል ይህንኑ ስሌት ሥሩ።

የመዝሪያው ልዩነት እንደ ሰብሉ ነው፦ ሰላጣ በየ10 እስከ 14 ቀን፣ ፎሶሊያ በየ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ካሮትና ቀይ ሥር በየ3 እስከ 4 ሳምንት። ቆስጣ ቅጠሉ እየተቀነጠበ ስለሚቆይ በወቅት ሁለት ዙር ይበቃዋል። ሽንኩርት፣ ዱባና ድንች አንድ ጊዜ ተሰብስበው ከማከማቻ ይወጣሉ። ቅጠሉ በበረዶ ወይም በተባይ በተመታበት ሳምንት ሳጥኑን የሚያድኑት እነዚህ ስለሆኑ ከጠቅላላው ኪሎ ቢያንስ ከ3 እጅ 1 እጁ የሚከማች ሰብል ይሁን።

ክፍፍሉ ላይ ሦስት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። እያንዳንዱ ሰብል ቢያንስ ከ2 እርሻ ይምጣ፤ 60 በመቶ ከአንዱ፣ 40 በመቶ ከሌላው። የትኛውም እርሻ ከጠቅላላው አቅርቦት ከሲሶ በላይ አይያዝ። ለአንድ እርሻ ከ6 በላይ ሰብል አትስጡት። እርሻው 20 ዓይነት ሊያበቅል ይችላል፤ በተወሰነ ቀንና ኪሎ የማቅረብ ግዴታ ሲመጣ ግን 20 ዓይነት ለ3 ሰው ጉልበት ከአቅም በላይ ነው።

አንዱ ሰብል ቢጎድል በምን እንደሚተካም በዚሁ ጊዜ ተጽፎ ይለቅ፦ ቅጠል በቅጠል፣ ሥር በሥር። ይህ ካልተጻፈ በጎደለው ሳምንት ሁሉም እርሻ የተረፈውን ዝኩኒ ይዞ ይመጣል።

5. ሁለቱ ዋጋዎችና ክፍተቱ

ለገበሬው የሚከፈለው ከዘር በፊት ይወሰናል፤ እስከ ወቅቱ መጨረሻም አይነካም። ዋጋው ዘርና ኮምፖስትን ብቻ ሳይሆን የመሰብሰቢያ፣ የማጠቢያና የመመዘኛ ሰዓትን ያካትት። በአነስተኛ የአትክልት እርሻ ትልቁን ጉልበት የሚበላው ይህ ሆኖ ሳለ በስሌቱ የሚረሳውም እሱ ነው። ከወቅቱ ክፍያ ሲሶው በዘር ጊዜ ቅድሚያ ይሰጥ፣ የቀረው እያንዳንዱ ርክክብ በተደረገ በ7 ቀን ውስጥ ይከፈል። ቅድሚያው በ20ው ሳምንት እኩል እየተካፈለ ይቀነሳል። ክፍያ አንድ ወር የዘገየበት ገበሬ ጥሩ ጥሩውን ለሌላ ገዢ ማስቀረት ቢጀምር አይፈረድበትም።

የአንድ ሳጥን ሙሉ ወጪ 100 ነው እንበል፤ 80 ለእርሻ፣ 20 ለማጓጓዣና ለማሸጊያ። ለቤተሰቦች ሦስት የክፍያ ደረጃ ይቅረብ፦ 50፣ 25 እና 0። ደረጃውን ቤተሰቡ ራሱ ይምረጥ፣ በየወሩም ያለ ጥያቄ መቀየር ይችል። የ40ው ቤተሰብ አማካይ ክፍያ 30 ቢሆን ክፍተቱ በሳጥን 70፣ በሳምንት 2,800፣ በ20 ሳምንት 56,000 ነው።

ይህን ክፍተት ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉ ደንበኞች ትንሽ ጨምረው ይሸፍኑታል የሚል ተስፋ ብዙ ጊዜ ይደመጣል። አስሉት። አንድ ደንበኛ ለራሱ ሳጥን 120 ቢከፍል ትርፉ 20 ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ተደጋፊ ቤተሰብ 3.5 ደንበኛ፣ ለ40ው 140 ደንበኛ ያስፈልጋል። 40 ደንበኛ ቢገኝ 800 ይሸፈናል፤ በሳምንት 2,000 ይቀራል። የቀረው ከመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም፣ ከእምነት ተቋማት፣ ከአሠሪዎች ወይም ከጤና ተቋም መምጣት አለበት፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው፦ የ20ው ሳምንት ክፍተት ካልተሸፈነ 40 ቤተሰብ አትመዝግቡ። ገንዘቡ ለ22 ከበቃ 22 መዝግቡ። በ11ኛው ሳምንት ቤተሰብን «አልቋል» ብሎ መመለስ ከመጀመሪያው ካለመጀመር የከፋ ጉዳት አለው፤ ቤቱ ወጪውን በሳጥኑ ልክ አደላድሎ ነበርና። ከዚህ ውጭ የ2 ሳምንት ወጪ በመጠባበቂያ ይቀመጥ።

6. የመሰብሰቢያው ቀን

ማከፋፈያው ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ከሆነ ሽንኩርት፣ ድንችና ዱባ ከዋዜማው ይዘጋጃሉ። ካሮትና ጎመንም በዋዜማው ይነሳሉ። ቅጠል ግን በዕለቱ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ይቆረጣል። ረፋድ ላይ የተቆረጠ ቆስጣ የማሳውን ሙቀት ይዞ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ማታ ሲከፈት ጠውልጎ ይገኛል፣ በማግስቱም ይበሰብሳል። እንደተቆረጠ ወደ ጥላ ወስዳችሁ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አጥልቁት፤ በወንፊት ሣጥን አጠንፍፉና በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

ሁሉን ነገር ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። ቅጠልና ካሮት ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ቲማቲም ከ12 ዲግሪ በታች ለቀናት ከቆየ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሥጋውም ይላሽቃል። ዱባና ስኳር ድንችም ብርድ አይወዱም። የበሰለ ቲማቲም፣ ፖምና ሙዝን ከቅጠልና ከካሮት ጋር አታከማቹ፤ ሲበስሉ የሚለቁት ኤትሊን ጋዝ ቅጠሉን ያቢጫል፣ ካሮቱን ያመረዋል።

ሽንኩርት ሲረከቡ አንገቱን በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉ። ከደረቀ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ የሚንሸራተት ለስላሳ ነገር ከተሰማችሁ ገና አልደረቀምና ለቀጣዩ ሳምንት ይቆይ። ተነቅሎ አየር በሚያገኝበት ጥላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት መድረቅ ነበረበት። ድንች አይታጠብም፣ ብርሃንም አያይም። አረንጓዴ የሆነውን አውጡት፤ መርዛማ ሶላኒን ይዟል፣ ማፍላትም አያጠፋውም።

ሚዛን ላይ ጠብ እንዳይነሳ ባዶው ሣጥን ተመዝኖ ክብደቱ በላዩ ይጻፍ። ቅጠል የሚመዘነው ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ነው፤ ከውኃ እንደወጣ ከተመዘነ ገበሬው ሳያውቀው የውኃ ዋጋ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ የማጓጓዣ ሣጥን ላይ የእርሻው ስም፣ ሰብሉ፣ የተነሳበት ቀንና ኪሎው ይለጠፍ። አንድ ሰው ቢታመም ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

7. ማሸግና ማከፋፈል

ለ40 ሳጥን 4 ሰው፣ እስከ 30 ኪሎ የሚመዝኑ 2 ሚዛኖች፣ ወገብ የሚደርሱ ጠረጴዛዎችና ጥላ ይበቃሉ። ሰብሉ በጠረጴዛዎቹ ላይ በክብደት ቅደም ተከተል ይደርደር፦ ድንች፣ ዱባና ጎመን ከታች፤ ካሮትና ሽንኩርት ከመካከል፤ ቲማቲምና ቅጠል ከላይ። የመጀመሪያውን ሳጥን ሞልታችሁ መዝኑና ለሌሎቹ ናሙና አድርጉት።

ቦታ ካለ ግን የታሸገ ሳጥን ከመስጠት ቤተሰቡ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ይሻላል። ከ10 ኪሎው 6ቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ 4ቱን ከጠረጴዛ ይምረጡ። የምርጫው ድርሻ መጨረሻ የመጣው ሰው የተራቆተ ጠረጴዛ እንዳይጠብቀው በሦስት ተከፍሎ በየተራ ይቅረብ። ይህን ያህል መዘጋጀት ካልተቻለ አንድ የመለዋወጫ ሣጥን አስቀምጡ፤ የማይፈልጉትን እዚያ ጥለው የሚፈልጉትን ያነሳሉ።

ሙሉ ከፋዩና በነፃ የሚወስደው በአንድ ሰልፍ፣ አንድ ዓይነት ሳጥን ይውሰዱ። ክፍያ ከማከፋፈያው ቦታ ውጭ፣ በስልክ ወይም በወር አንድ ጊዜ ይፈጸም። ሌላ ሰው ወክሎ መውሰድ ይፈቀድ፤ በዝርዝሩ ላይ ያለውን የቤተሰቡን ቁጥር መናገር በቂ ነው። ከዋዜማው የማስታወሻ መልእክት ይላክ። መዝጊያው ላይ ያልተወሰደ ሳጥን ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ የተስማማችሁበት የጋራ ማብሰያ ይኑር፤ ማቆየት አያዋጣም።

ከሳጥኑ ጋር ግማሽ ገጽ ወረቀት ይገባል፤ ምን እንዳለና በምን ቅደም ተከተል እንደሚበላ። ቅጠል በ2 ቀን፣ ቲማቲም በ4 ቀን፣ ካሮትና ጎመን ከዚያ በኋላ፤ ዱባና ሽንኩርት ይቆያሉ። አንድ አሠራርም ይጻፍበት፤ በአንድ ድስት፣ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚደርስ። ደረቅ ቀይ ቦሎቄ በገባበት ሳምንት ማስጠንቀቂያው ጎላ ይበል፦ ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውኃው ይደፋ፣ በአዲስ ውኃ እየተንፈቀፈቀ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፍላ፣ ከዚያ እስኪበስል ይቀጥል። ሳይፈላ በለዘብተኛ እሳት ብቻ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ማንበብ ለማይችሉ ያንኑ በድምፅ መልእክት ላኩ።

8. በየሳምንቱ የሚያዙ አራት ቁጥሮች

የታዘዘ ኪሎ፣ የደረሰ ኪሎ፣ የተመለሰ ኪሎ ከነምክንያቱ፣ ያልተወሰደ ሳጥን። ከዚህ በላይ መዝገብ ሁለት ሳምንት ተይዞ ይተዋል።

ያልተወሰደው ከ40 ከ4 ካለፈ ደውላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰዓቱ ወይም ርቀቱ ነው፤ ቸልተኝነት እምብዛም አይደለም። የአንድ እርሻ አቅርቦት ለ2 ሳምንት በተከታታይ ከታዘዘው 80 በመቶ ካነሰ ሦስተኛውን ሳትጠብቁ ማሳው ድረስ ሂዱና ቀጣዩ ዙር መዘራቱን በዓይናችሁ እዩ። ድርሻው ለሁለተኛው እርሻ የሚዛወረው ያኔ ነው፤ የተጨመረበት እርሻም ቢያንስ የ2 ሳምንት ማስታወቂያ ይገባዋል።

በ6ኛው ሳምንት ከቤተሰቦቹ ጋር ተቀመጡ፤ ለሚመጡበት ጊዜ የትራንስፖርትና የውሎ አበል መድቡ። በውሳኔ ሰጪው ኮሚቴ ውስጥም ቢያንስ 2 መቀመጫ ለእነሱ ይሁን። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ምስጋና ብቻ ይሆናል። «ባለፈው ሳምንት የትኛው ተጣለ?» በሏቸው።

ሁለተኛው ስብሰባ የሚደረገው በ16ኛው ሳምንት ነው። እርሻዎቹ ለቀጣዩ ወቅት ዘር ከማዘዛቸው በፊት መሆን ስላለበት የእነሱን ቀን ጠይቃችሁ አስተካክሉት። በዚያ ስብሰባ የሚቀነሱት፣ የሚጨመሩትና በኪሎ የሚለወጡት ሰብሎች ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝሩም ከአዲሱ ዋጋና ከቅድሚያ ክፍያው ቀን ጋር በሳምንቱ ውስጥ ለ5ቱም እርሻዎች ይላካል።